በመስተዋት ገንዳ የሚኖር ዓሣ ስለ ምን ይፈራል?

በአስተዳደር መሥሪያ ቤትም ሆነ በንግድ ቤት፥ በእንግዳ መቀበያ ክፍል ማዕዘን የሚቆም የዓሣ ገንዳ ለቤቱ ጌጥ፥ ተራውን ለሚጠብቅ ባለጉዳይም የዓይን ዕረፍት ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከታሰበው ይለያል። ገንዳው ተገዝቶ፥ ውኃው ተሞልቶ፥ ዓሣዎቹም ከገቡ በኋላ ባለቤቱ የሚያየው ባዶ ውኃ ነው። ዓሣዎቹ በአንድ ጥግ ተጣብቀው ይውላሉ፤ ሰው ሲቀርብ ደንግጠው ይሮጣሉ፤ ከመስተዋቱም ጋር ይጋጫሉ፤ የተሰጣቸውንም ምግብ ሳይነኩት ይቀራሉ። ባለቤቱም ገንዘቡን ያወጣው ዓሣ ሊያይ እንጂ ድንጋይና ሣር ሊያይ አለመሆኑን አስቦ፥ ድንጋዩን ያወጣል፤ ሣሩን ይነቅላል፤ መብራቱንም ያደምቃል። ከጥቂት ቀንም በኋላ ከዓሣዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሞተው ይገኛሉ።

ሰውየው ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። የፈራ ፍጥረት መደበቂያውን ቢያጣ ሳይወድ በግዱ ይደፍራል ብሎ በማሰቡ ነው። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዓሣ ወደ ብርሃን ለመውጣት የሚደፍረው የሚሸሽበት ስፍራ በአጠገቡ እንዳለ ሲያውቅ ነው። ይህን ነገር በሚገባ ለመረዳት፥ ለጥቂት ጊዜ ከመስተዋቱ ገንዳ ርቆ፥ ዓሣ በተፈጥሮው ከሚኖርበት ወንዝ መነሣት ይበጃል። ለዚህም ጉዳይ በምሥራቅ ሱዳን ከገዳሪፍ ምድር የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

በገዳሪፍ ግዛት፥ ከኢትዮጵያ ወሰን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ኡም ራኩባ የምትባል ስፍራ አለች። በሱዳን ዓረብኛ «ራኩባ» ማለት በባላ እንጨት ላይ ሣርና ቅጠል ተደርቦበት ለጥላ የሚሠራ ዳስ ነው፤ «ኡም» ማለትም እናት ነውና፥ የቦታዋ ስም «የዳስ እናት» እንደ ማለት ነው። ስሟ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የታወቀው በስደተኞች ሰፈርነቷ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በረኃብና በጦርነት ምክንያት ወሰን የተሻገሩ ሰዎች በዚያ ተጠልለዋል፤ ከጐንደር አገር የሄዱ ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም፥ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል እስኪወሰዱ ድረስ እዚያ ቆይተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎች በዚያ ሞተው ተቀብረዋል። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2000 ተዘግቶ፥ በ2020 ከትግራይ ለተሰደዱ ሰዎች እንደገና ተከፍቷል። የሰውን መከራ ከዓሣ ድንጋጤ ጋር ማመዛዘን አይገባም፤ ነገር ግን የቦታዋ ስም የያዘው ቁም ነገር፥ ይኸውም ከሁሉ አስቀድሞ ታዛ ማስፈለጉ፥ ከሰው አልፎ ለእንስሳም የሚሠራ ነው።

ይህ አገር ጥቁር ሸክላ አፈር ያለበት፥ በክረምት የሚጨቀይ፥ በበጋ የሚሰነጠቅ ሜዳ ነው። ከአንድ ወገን የአትባራ ወንዝ፥ ከሌላው ወገን የረሃድ ወንዝ ይፈስሱበታል። የአትባራ መነሻ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለው ደጋ ሲሆን፥ በኢትዮጵያ ምድር ጓንግ ይባላል። በኢትዮጵያ ተከዜ፥ በወሰኑ አካባቢም ሰቲት የሚባለው ትልቅ ወንዝ በሱዳን ውስጥ ይጨመርበታል። ረሃድም የሚነሣው ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ ነው። የእነዚህ ወንዞች የተፈጥሮ ጠባይ በክረምት ሞልቶ መፍሰስ፥ በበጋም ደርቆ በየስፍራው ኩሬ ኩሬ ሆኖ መቅረት ነው። በአትባራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የኸሽም አል ጊርባ ግድብ፥ በ2017ም የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድቦች ተሠርተው የውኃውን አካሄድ ለውጠውታል።

ግድቦቹ ከመሠራታቸው በፊት የነበረውን ሁኔታ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎሬንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1861 በአትባራ ዳር ሲጓዝ፥ የወንዙ መሄጃ ደረቅ አሸዋ ሆኖ፥ ውኃ የቀረው በጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ነበር። በወንዙ የነበሩ ዓሣዎች፥ አዞዎችና ጉማሬዎች ሁሉ በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ተጨናንቀው ክረምቱን ይጠብቁ ነበር። በሰኔ ወር በ23ኛው ቀን ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በማግስቱ ጧትም በደረቁ አሸዋ ፋንታ 450 ሜትር ያህል ስፋት፥ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ወንዝ ሲፈስስ ተገኘ። ቤከር ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው የዓባይ ገባሮችን በሚመለከት መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ ሌላ ዓይነት ኩሬ መሠራት ጀምሮ ነበር። የለንደኑ የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን፥ ዓሣና የውኃ ሣር በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ተደጋግፈው ሊኖሩ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ1850 አስታወቀ። በ1853 በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ለሕዝብ የተከፈተ የዓሣ ቤት ተመረቀ። በተከታዩም ዓመት ፊሊፕ ጎስ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት «አኳሪዩም» የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ ተለመደ።

የአትባራ ኩሬና የለንደን ገንዳ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ዓሣው የሚሸሽበት መንገድ ተዘግቶበታል። በሌላ ነገር ግን ይለያያሉ። በኩሬው ውስጥ ጭቃ፥ የወደቀ ግንድ፥ የድንጋይ ስንጥቅና ጥላ አለ። የኩሬው ውኃ የደፈረሰ ስለ ሆነም ከላይ የሚያንዣብበው አሞራ ዓሣውን በቀላሉ አያየውም። ባዶው የመስተዋት ገንዳ ግን በአራቱም ማዕዘን ክፍት ነው። ዓሣው ከየትም ይታያል፤ የሚያየውንም ሰው ከአሞራ ወይም ከአጥማጅ ለይቶ አያውቀውም። ስለዚህ በገንዳ የሚፈራ ዓሣ የጠባይ ጉድለት የለበትም፤ በወንዝ ሳለ ሕይወቱን ያዳነለትን ጥንቃቄ ይዞ መጥቷል እንጂ።

በእነዚህ ወንዞች ከሚኖሩት ዓሣዎች አንዱ በኢትዮጵያ ቆሮሶ፥ በሱዳን ቡልጢ የሚባለው ነው። የዚህ ዓሣ እናት ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከወጡ በኋላ ለጥቂት ቀናት አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። እንግዲህ የቆሮሶ የመጀመሪያው ትምህርት፥ ከመጠለያ ጥቂት ርቆ መዋኘትና በጊዜው መመለስ ነው። ይህን ተምሮ ያደገን ፍጥረት መመለሻ በሌለበት ስፍራ ማኖር፥ ዘወትር በሥጋት እንዲኖር መፍረድ ነው።

ዓሣ አደጋን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። በጐኑና በጐኑ ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚሄድ የስሜት መሥመር አለው፤ በዚህም የውኃውን ትንሽ ንቅናቄ ሁሉ ይለያል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ፍጥነቱ በአየር ካለው ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ልጆች መስተዋቱን በጣታቸው ሲቆረቁሩት፥ ወይም ከገንዳው አጠገብ ያለ በር በኃይል ሲዘጋ፥ በሰው ዘንድ ኢምንት የሆነው ነገር ለዓሣው ከባድ መናወጥ ነው። የአብዛኛው ዓሣ ዓይን ቆብ የለውምና፥ በጨለማ ክፍል ውስጥ ድንገት የበራ መብራት እጅግ ያስደነግጠዋል።

ከዚህም በላይ ፍርሃት በውኃ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የንብን ቋንቋ በመመርመር ስመ ጥር የሆነው፥ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው ካርል ፎን ፍሪሽ፥ በ1938 ይህን በግልጽ አሳይቷል። የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ወደ መንጋው ሲመለስ፥ ከቆዳው ቁስል የወጣው ንጥረ ነገር በውኃው ተሠራጭቶ የቀሩትን ሁሉ እንደሚያሸብር ተመለከተ። ስለዚህ በመረብ ሲያዝ የተላጠ ዓሣ የራሱን ጉዳት ብቻ ይዞ አይገባም።

ድንጋጤ ሲበዛ በዓሣው ደም ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው ንጥረ ነገር ከፍ ይላል። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ለመሸሽ ኃይል ይሰጠዋል፤ ለሳምንታት ሲቆይ ግን በሽታን የመከላከል ኃይሉን ያደክመዋል፤ ዕድገቱንም ይቀንሳል። በቆዳው ላይ እንደ ጨው ፍሬ ሆኖ የሚታየው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ፥ አዲስ ዓሣ በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ባለገንዳው በሽታው ገደለብኝ ይላል፤ በሩን ለበሽታው የከፈተው ግን ፍርሃቱ ነበር።

የፈራ ዓሣ ምልክቶች የታወቁ ናቸው። መልኩ ይደበዝዛል፤ ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ምግብ ይተዋል። ሆኖም ሁሉን መደበቅ ፍርሃት ማለት ስሕተት ነው። በሱዳን ጋርጉር የሚባለው ባለ ሪዙ ዓሣ ቀን በጨለማ ስፍራ ተኝቶ የሚውል፥ ሌሊት ለምግቡ የሚወጣ ነውና፥ ቀን አለመታየቱ ጤንነቱ ነው። አምባዛም ወደ ውኃው ፊት እየወጣ አየር ቢጐርስ፥ በተፈጥሮው ከአየር መተንፈስ የሚችል ስለ ሆነ ነው እንጂ ስለ ታመመ አይደለም። ቆሮሶ ይህን ቢያደርግ ግን በውኃው ውስጥ ኦክሲጅን ማነሱን መጠርጠር ያስፈልጋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው ቢባል፥ የመጀመሪያው ውኃውን መመርመር ነው። በአስተዳደር ዘንድ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባላል፤ በገንዳ ግን ነገሩ የሚበላሸው ከውኃው ነው። የዓሣው እዳሪና የተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጥራል። ይህንንም ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ በአዲስ ገንዳ በበቂ እስኪራቡ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ገንዳ ገዝቶ በዚያው ቀን በዓሣ መሙላት፥ ዓሣውን ከመርዝ ውስጥ መክተት ነው። ውኃውን በየሳምንቱ ሩቡን ያህል መለወጥ፥ የቧንቧ ውኃ ከሆነም ክሎሪኑን አስቀድሞ ማስወገድ ያስፈልጋል። ማጣሪያውንም በቧንቧ ውኃ ማጠብ የለመዱትን ባክቴሪያዎች ስለሚፈጅ፥ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ማለቅለቅ ይሻላል።

ሁለተኛው የአቀባበል ሥርዓት ነው። ከቅርብ ሱቅ የመጣ ዓሣ በከረጢቱ እንዳለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በገንዳው ላይ ተንሳፍፎ ሙቀቱ እስኪስተካከል ይቆይ፤ ቀጥሎም የገንዳው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርለት። ብዙ ሰዓት ተጕዞ የመጣ ከሆነ ግን ሥርዓቱ ይለያል። በታሸገው ከረጢት ውስጥ የተከማቸው የትንፋሹ ጋዝ ከረጢቱ ሲከፈት ስለሚያመልጥ፥ ተጠራቅሞ የነበረው አሞኒያ ኃይሉ ይበረታል። ስለዚህ ከረጢቱ ሳይከፈት ሙቀቱን ማስተካከል፥ ከተከፈተ በኋላም ዓሣውን ሳይዘገዩ በመረብ ማሻገር ይገባል፤ የመንገዱንም ውኃ ወደ ገንዳው መገልበጥ አይገባም። በዚያ ቀን መብራት ይጥፋ፤ ምግብም እስከ ማግስቱ ይቆይ።

ሦስተኛውና ዋናው ታዛ መሥራት ነው። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከወገቡ የተሰበረ የሸክላ ማሰሮ፥ ተደራርቦ በመካከሉ ክፍተት ያለው ድንጋይ፥ በውኃ ተነክሮ የቆየ የዛፍ ሥር፥ ረዘም ያለ የውኃ ሣር ይበቃል። የመሸሸጊያው ቍጥር ከዓሣዎቹ ቍጥር ቢበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባውም፤ ቢያንስ ጕልበተኛው አንዱን ይዞ ሌሎቹን ያባርራልና። የገንዳውን ጀርባና ሁለቱን ጐኖች በጥቁር ወረቀት መሸፈን፥ ወለሉንም ነጭ ሳይሆን ጠቆር ያለ አሸዋ ማድረግ ጥሩ ነው። በውኃው ፊት ላይ የሚንሳፈፍ ሣር ደግሞ፥ በኡም ራኩባ ሜዳ ላይ እንደሚቆመው ዳስ፥ ከላይ ጥላ ይሆናል። በድንጋጤ የሚዘልል ዓሣ እንዳይወድቅ ገንዳው ክዳን ይኑረው።

ታዛው ሲሠራ ዓሣዎቹ ፈጽመው የሚሰወሩ ይመስላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደዚያው ይሆናል። ባለገንዳው ግን ቢታገሥ፥ መመለሻቸውን ያወቁት ዓሣዎች ከቀን ወደ ቀን እየራቁ ወደ ፊተኛው መስተዋት ሲመጡ ያያል።

አራተኛው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ለስለስ ያለ፥ የሚበራበትና የሚጠፋበትም ሰዓት የተወሰነ ይሁን፤ የገንዳውም መብራት ከመብራቱ በፊት የክፍሉ መብራት ይቅደም። የብርሃኑ ቀለም እንኳ ዋጋ እንዳለው በዚሁ በቆሮሶ ላይ ተፈትኗል። የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፥ በጠባብ ስፍራ የተጨነቁትን ቆሮሶዎች በነጭ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ለያይተው ሲያስተያዩ፥ በነጩና በአረንጓዴው ውስጥ ኮርቲሶል ሲጨምር፥ በሰማያዊው ውስጥ ግን አልጨመረም። ይህ ስለ ሌሎች ዓሣዎች ሁሉ የሚነገር ባይሆንም፥ ለዓሣ ብርሃን ከጌጥ የበለጠ ነገር መሆኑን ያስረዳል።

አምስተኛው ጓደኛ ነው። በመንጋ የሚኖሩ ትንንሽ ዓሣዎች ብቻቸውን ወይም ሁለት ሆነው ሲቀመጡ አይረጉም፤ ከስድስት ባያንሱ ይመረጣል። በፖርቱጋል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ምርመራ እንዳሳየው፥ የድንጋጤው ንጥረ ነገር የደረሰበት ዝብራ ዓሣ መሰሎቹን ሲያይ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ ልምድ ያላቸው ዓሣ አሳዳጊዎች ከዓይናፋሮቹ ጋር በግልጽ የሚዋኙ ሰላማውያን ዓሣዎችን ይቀላቅላሉ፤ እነዚያ ሳይሸሹ ሲዋኙ ዓይናፋሮቹ አደጋ አለመኖሩን ይረዳሉ። ቆሮሶ ግን ሲያድግ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ፥ ስፍራውንም በኃይል የሚጠብቅ ስለ ሆነ፥ በትንሽ ገንዳ ከደካሞች ጋር ሊቀላቀል አይገባውም። ጓደኛ ብሎ ጨቋኝ ማስገባት ፍርሃትን ማባስ ነውና።

የመጨረሻው የጠባቂው ጠባይ ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፥ በዝግታ ቀርቦ፥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ምግብ የሚሰጥ ሰው፥ ዓሣዎቹ ያውቁታል፤ ሲመጣም ይቀበሉታል። ገንዳውን ዛሬ በዚህ፥ ነገ በዚያ እያደረገ የሚያስተካክል፥ እጁንም ዘወትር የሚያስገባ ግን እንደ ጠላት ይታያል። ገንዳውም ከበርና ከመተላለፊያ ራቅ ብሎ፥ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ስፍራ ይቁም።

ለነጋዴ ደግሞ ይህ ሁሉ የሂሳብ ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ከኤርትራ የቀይ ባሕር ጠረፍ የጌጥ ዓሣ ወደ ውጭ አገር መላክ ተጀምሮ እንደ ነበር ይታወቃል። በእንዲህ ያለው ንግድ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው በመንገድ ነው። ዓሣው ከመላኩ በፊት አንድ ቀን ያህል ሳይመገብ ይቆያል፤ ከከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውኃ፥ የቀረው ኦክሲጅን ይሆናል፤ ከረጢቱም በጨለማ ሣጥን ውስጥ ይታሸጋል። ጨለማው ዕቃ ለመቆጠብ አይደለም፤ በመንገድ ሊሰጠው የሚቻለው ታዛ እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ሲያዝ የተንገላታ ዓሣ ደኅና መስሎ ይደርስና በገዢው ቤት ይሞታል፤ ገዢውም ዳግመኛ አይመለስም።

በገዳሪፍ ምድር ክረምት ሲገባ የረሃድ ኩሬዎች እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ በበጋ ተጨንቆ የቆየው ዓሣም ወደ ሰፊው ውኃ ይወጣል። ለገንዳው ዓሣ ግን እንዲህ ያለ ክረምት አይመጣለትም። ውኃውን የሚያድስለት፥ ጥላውን የሚያቆምለት፥ ጠላቱንም የሚያርቅለት ያመጣው ሰው ብቻ ነው። ገንዳ የገዛ ሰው ይህንንም ግዴታ አብሮ ገዝቷል። ነገ ጧት በመሥሪያ ቤቱ ያለውን ገንዳ ባዶ ሆኖ ያገኘው ሰው፥ ድንጋዩን ከማውጣቱ በፊት አንድ የሸክላ ማሰሮ ቢጨምርበትና ሁለት ሳምንት ቢታገሥ፥ ዓሣዎቹን ያያቸዋል።